መቼ ነው የተጣለው? ጎንደር ላይ ጠጅ ፍለጋ

በደረስኩበት ከተማ ሁሉ እዚያው የተሠራ መጠጥ ፈልጌ መቅመስ የቆየ ልማዴ ነው። ባቱ ድረስ ሄጄ የወይን እርሻውን አይቻለሁ፤ ሪፍት ቫሊና አካሺያ የሚባሉትን ወይኖች በተመረቱበት አገር ቀምሻቸዋለሁ። ጉደርና አክሱሚት ደግሞ ከልጅነቴ ጀምሮ በየድግሱ የማውቃቸው ናቸው። ወደ ጎንደር ልሄድ ሻንጣዬን ሳዘጋጅ ጓደኛዬ «ጎንደር ደግሞ ምን ወይን አለና ነው?» ስትለኝ ግን መልስ አጣሁ።

በኋላ ሳስበው መልሱ ቃሉ ውስጥ ነበር። ፈረንጅ የኛን ጠጅ «የማር ወይን» ይለዋል። እኛ ደግሞ የሱን ወይን «የወይን ጠጅ» እንለዋለን። በአማርኛ ዋናው ስም የጠጅ ነው፤ ወይኑ ነው ከሱ የተዋሰው። እንግዲያው ጎንደር ሄጄ የምፈልገው እዚያው የተጣለ፣ ማር የገባበት ጠጅ ነው ብዬ ቆረጥኩ። ከዚህ በታች ያለውን በየማታው አልጋዬ ላይ ተቀምጬ ነው የጻፍኩት።

ሐሙስ፣ ጥቅምት 18

አውሮፕላኑ ወደ አዘዞ ሲወርድ ሜዳው በየቦታው ቢጫ ነበር። ኑጉ አብቧል። ንቧ ሥራ ላይ ናት ብዬ ደስ አለኝ፤ ወሩም ማር የሚቆረጥበት ወር ነው።

ያረፍኩበት ሆቴል «የአካባቢው ወይን አላችሁ?» ብዬ ስጠይቅ አስተናጋጇ ከአዋሽና ከባቱ የመጡ ጠርሙሶች ደርድራ አሳየችኝ። ልጅቷ ጥፋት የለባትም፤ ወይን ስላት ወይን ነው ያመጣችልኝ። «ጠጅስ?» አልኳት። ፒያሳ አካባቢ ያለ አንድ የባህል ምሽት ቤት ጠቆመችኝ።

ማታ ሄድኩ። ማሲንቆው ይጮኻል፣ እስክስታው ደምቋል፣ ቤቱ ሙሉ ነው። ብርሌው መጣ። ቀለሙ ደማቅ ብርቱካናማ ሆኖ እንደ ለስላሳ መጠጥ ያበራል። ስቀምሰው ጣፋጩ ምላሴ ጫፍ ላይ ዱብ አለና ወዲያው ጠፋ። ከበስተኋላው ምንም የለም፤ የጌሾ ምሬት የለ፣ የአበባ ሽታ የለ። የማር ጠጅ ጣፋጩ ሲሄድ ጉሮሮ ላይ የሚቀር ነገር አለው። ይሄኛው ስኳርና ቀለም ነው። የከፈልኩት ግን የማር ዋጋ ነበር።

ከገንዘቡ ይልቅ ያሳዘነኝ አጠገቤ የተቀመጡት ከውጭ አገር የመጡ ባልና ሚስት ናቸው። ብርሌውን እንዴት እንደሚይዙት ግራ ገብቷቸው አንገቱን በጣቶቼ መሐል አድርጌ አሳየኋቸው። በሕይወታቸው የመጀመሪያው ጠጅ ነው። አገራቸው ገብተው ጠጅ እንዲህ ነው ብለው የሚያወሩት ይህንን ነው።

አዝማሪው ዞሮ ዞሮ እኔ ጋ ደረሰ። ከየት እንደመጣሁ፣ ምን እንደምፈልግ ጠየቀኝና ወዲያው ገጠመልኝ፦

ጌሾና ማር ተጋብተው ሲኖሩ በጋን፣
ለምስክርነቱ እኛ ተጠራን።

ሁለት ጊዜ ደገመው። ብር ግንባሩ ላይ ስለጥፍለት ወደ ጆሮዬ ጠጋ ብሎ «እታለሜ፣ የምርሽን ከሆነ እስከ ቅዳሜ ታገሺ። ማር ተራ ሂጂና ማር የሚገዛውን ሰው ተከተዪ» አለኝ።

አርብ፣ ጥቅምት 19

ጾም ነው፤ ቀኑን ለቤተ መንግሥቱና ለቤተ ክርስቲያኑ ሰጠሁት።

ፋሲል ግቢን ከዚህ በፊት በትምህርት ቤት ጉዞ አይቼዋለሁ። ያኔ የገረመኝ የግንቡ ቁመት ነበር። ዛሬ ግን የበካፋ ግብር ቤት ውስጥ ቆሜ የማስበው ሌላ ሆነ። ፋሲለደስ ከተማዋን በ1636 እ.ኤ.አ. ከቆረቆሩ ወዲህ በዚህ ቅጥር ውስጥ ስንት ጋን ጠጅ ተጥሎ ይሆን? ግብር ሲገባ ሥጋው በአንድ በኩል፣ ጠጁ በአንድ በኩል ነው፤ ጠጅ አሳላፊው ደግሞ መጀመሪያ በመዳፉ ጠብ አድርጎ ራሱ ሳይቀምስ ለጌታው አይሰጥም። ፈረንሳዊው ሐኪም ፖንሴ በ1699 እ.ኤ.አ. አፄ ኢያሱን ሊያክም እዚህ ሲመጣ ስለ ማሩ መጠጥ ጽፎ አልፏል። ስኮትላንዳዊው መንገደኛ ብሩስም በ1770 እ.ኤ.አ. ጎንደር ሲገባ እቴጌ ምንትዋብ ቁስቋም ላይ ተቀብለው አኑረውታል። እንግዳ በገባ ቁጥር ብርሌ መቅረቡ የትናንት ነገር አይደለም።

ከሰዓት በኋላ ደብረ ብርሃን ሥላሴ ሄድኩ። ጣሪያውን ሞልተው ቁልቁል ከሚመለከቱት መላእክት ሥር ትንሽ ተቀመጥኩ። ስወጣ በአጸዱ ያገኘሁትን አንድ ዲያቆን ለቅዳሴ ስለሚቀርበው ወይን ጠየቅኩት። በትሕትና አስረዳኝ። ዘቢብ ነው፤ ቤተልሔም ውስጥ ታጥቦ፣ በውኃ ተዘፍዝፎ፣ ተጨምቆ ይቀርባል። ተጥሎ የፈላ መጠጥ አይደለም። «የሚያሰክረው ሌላ ነው፣ ይሄ ሌላ ነው» አለኝ። ወይን በእነዚህ የጎንደር አርባ አራት ታቦታት ዙሪያ ዕለት ዕለት አለ ማለት ነው፤ ግን መንገደኛ «ልቅመስ» ብሎ የሚጠይቀው ዓይነት አይደለም። ጥያቄዬን በዚያው ዘጋሁት።

ቅዳሜ፣ ጥቅምት 20

ቅዳሜ ገበያ በጠዋት ገባሁ። ያመጣኝ የባጃጅ ሾፌር ወጣት ልጅ ነው። ምን እንደምፈልግ ስነግረው «እህቴ፣ ብቻሽን ጠጅ ቤት ለጠጅ ቤት ከምትዞሪ እኔ ልከተልሽ» ብሎ ባጃጁን ለጓደኛው አደራ ሰጠና አብሮኝ ገባ። ውለታው ትልቅ ነው። ጠጅ ቤት የሚቀመጠው አብዛኛው ወንድ ነው፤ ሴት ብቻዋን ስትገባ ወሬው ይቆማል።

መጀመሪያ ያገኘነው ጌሾ ተራውን ነው። ቅጠሉ በአንድ ወገን በማዳበሪያ ተከምሯል፣ እንጨቱ በሌላ ወገን ታስሮ ተደርድሯል። ቅጠሉ ለጠላ፣ እንጨቱ ለጠጅ። እንጨቱን ሰብሬ ሳሸተው ደረቅ፣ መራራ፣ ትንሽ እንደ ሻይ ቅጠል ያለ ሽታ አለው። አንድ እስር ገዛሁ።

ማር ተራው ላይ ባልዲና ጀሪካን በየመልኩ ነው፤ ነጭ የረጋ፣ ቢጫ የአደይ አበባ፣ የቆላው ደግሞ ወደ ቡናማ የሚሄድ። ከአርማጭሆ ነው የመጣሁት ያሉኝ ጠና ያሉ ሰው ባልዲያቸው ውስጥ እንጨት ነክረው አነሱልኝ። ማሩ ሳይቆረጥ እንደ ክር ወርዶ እላዩ ላይ ተጠቀለለ።

«አባባ፣ ስኳር የለበትም?» አልኳቸው። እንዲህ ሲባሉ የመጀመሪያቸው እንዳልሆነ ፊታቸው ይናገራል።

«ልጄ፣ እኔ የለበትም ብልሽ ምን ያደርግልሻል? የሚገዙኝን ተመልከቻቸው» አሉኝ።

ተመለከትኩ። ግማሽ ሰዓት ያህል ቆሜ ነው የተመለከትኩት። አብዛኛው ሰው ጣቱን ነክሮ ይልሳል፣ ዋጋ ይከራከራል፣ ይሄዳል። አንዲት ነጠላቸውን አጣፍተው የለበሱ እናት ግን አልላሱም። ጎንበስ ብለው አሸተቱ፣ በእንጨቱ ከሥር ድረስ ገልበጥ አደረጉና የማሩን ሰም፣ ሰፈፉን አዩ። ማሩ ከነሰፈፉ መሆኑ ደስ አሰኛቸው። ሁለት ባልዲ አስመዝነው የልጅ ልጃቸውን አሸከሙ። ልጁ የሾፌሬ የሰፈር ልጅ ሆኖ ተገኘና ሰላምታው በዚያ በኩል ተከፈተ።

«እትዬ፣ ጠጅ ሊጥሉ ነው?» አልኩ።

«ዘንድሮ የሚካኤል ማኅበር ተራው የኔ ነው። ለኅዳር አሥራ ሁለት እንዲደርስልኝ ዛሬ ማታ ካልጣልኩት ይዘገይብኛል።»

ከአዲስ አበባ የመጣሁት ጠጅ ለመቅመስ እንደሆነ፣ ሐሙስ ማታ ምን እንደቀረበልኝ ነገርኳቸው። አልሳቁብኝም። ባልዲውን መሬት አስቀመጡና እንዲህ አሉኝ፦ «የትም ብትሄጂ ‹ጠጅ አለ ወይ?› ብለሽ አትጠይቂ። የለም የሚልሽ ማን አለ? ‹መቼ ነው የተጣለው?› በያቸው። ማር የጣለ ሰው ቀኑን አይረሳም።» ከዚያ «ነገ ከቅዳሴ በኋላ ቤት ነይ» ብለው ሰፈራቸውን ለሾፌሩ ነገሩት።

ጥያቄዋን እስከ ነገ ማቆየት አልቻልኩም። ማታውን ሁለት ጠጅ ቤት ሞከርን። አንደኛው ቤት አሳላፊው «መቼ ነው የተጣለው?» ስለው ግራ ገብቶት «ሁልጊዜ አለ» አለኝ። አመስግነን ወጣን። ሁለተኛው ከአራዳ ወረድ ብሎ ያለ፣ በር ላይ ምንም ያልተጻፈበት፣ አግዳሚ ወንበር በግድግዳው ዙሪያ የተደረደረበት ቤት ነው። ባለቤቲቱ ሳታስብ «ለአቦ» አለችኝ። ጥቅምት አምስት፤ አሥራ አምስት ቀኑ። ገና ለስላሳ ነበር፤ ማሩ አላለቀም፣ ጌሾው ከኋላ መጣ መጣ ይላል። ስኳር አይደለም። ቆሎ አቀረበችልን፤ አንድ አንድ ብርሌ ጠጥተን፣ ለሾፌሩ የሱን ያልፈላ ብርዝ አስደርጌለት (ባጃጅ ይነዳል)፣ በጊዜ ወጣን።

እሁድ፣ ጥቅምት 21

የእትዬ ቤት ከቁስቋም በታች ነው። ግቢው ውስጥ ግራዋ በቅሏል፤ አጥሩ ሥር ሁለት የጌሾ ዛፎች አሉ። እሳቸው ግን የጓሮው አይበቃቸውም፣ እንጨቱን ይገዛሉ።

ትናንት ማታ የጣሉትን መጀመሪያ አሳዩኝ። ጋኑ በግራዋ ቅጠል ሦስት ጊዜ ታጥቧል፤ ከዚያ በሚጨስ የወይራ እንጨት ላይ ተደፍቶ ታጥኗል። አፉን ከፍተው ጎንበስ አልኩ፤ ጢሱ አሁንም ከውስጥ ይሸታል። ውስጡ ያለው ገና ብርዝ ነው፣ የማርና የውኃ ድብልቅ። የሳቸው ልክ አንድ እጅ ማር ለአራት እጅ ውኃ ነው፤ ደረቅ ያለ የሚወድ አምስት እጅ ያደርገዋል። ሰፈፉ ወደ ላይ ተንሳፏል። በሦስተኛው ቀን ሰፈፉን ገፈው፣ የጌሾውን እንጨት ከራሱ ከብርዙ ቀንሰው አፍልተው ይመልሱታል። ከዚያ ጌሾው ሥራውን ሲጨርስ ይወጣል፣ ጠጁ በንጹሕ ጨርቅ ይጣራል፣ ጋኑ ይከደናል።

«ቀኑን በምን ያውቃሉ?» አልኳቸው።

እጄን ይዘው ጥግ ወዳለው ወደ ሌላኛው ጋን ወሰዱኝ። «ጆሮሽን አስጠጊ።»

አስጠጋሁ። ሸክላው ጉንጬን ቀዘቀዘኝ። መጀመሪያ ምንም አልሰማ አለኝ፤ ትንፋሼን ስይዝ ከሩቅ ቆርቆሮ ላይ እንደሚወርድ ካፊያ ያለ ድምፅ መጣ። ቲስስ ይላል፣ ያቆማል፣ እንደገና ይላል። «ይሄ ገና ያወራል» አሉ። «ዝም ሲል ነው የሚጠጣው።» ዝም ያለው ሦስተኛው ጋን ነበር። መቼ ነው የተጣለው ማለት አፈርኩ፤ እሳቸው ግን ቀደሙኝ። «በመስቀል ማግስት።»

የልጅ ልጃቸው ብርሌዎቹን አመጣ። እትዬ አንድ በአንድ ወደ መስኮቱ ብርሃን እያነሱ ተመለከቷቸው። አንዱን አንገቱ ላይ በጥፍራቸው ነካ ነካ አድርገው ወደ ጎን አስቀመጡት። እኔ ምንም አላየሁበትም። ጠጋ ብዬ ሳየው እንደ ፀጉር የቀጠነች መስመር ከአንገቱ ወደ ሆዱ ትወርዳለች። «ብርሌ ከነቃ አይሆንም ዕቃ» አሉ። ይህን ተረት ስለ ሰው ጠባይና ስለ ወዳጅነት ሲባል ነው ስሰማው የኖርኩት። እውነተኛ የነቃ ብርሌ ሲጣል ያየሁት ዛሬ ነው።

ቀዱ። ከመስጠታቸው በፊት ትንሽ በመዳፋቸው ጠብ አድርገው ቀመሱ። ልክ በካፋ ግብር ቤት ውስጥ ቆሜ ያሰብኩት ነው፤ ግን ቤተ መንግሥት ውስጥ አይደለም፣ ጭቃ ቤት ውስጥ፣ ባለ ነጠላ እናት እጅ ላይ ነው ያየሁት። ዓይኔ እንባ አቀረረ፤ ጢሱ ነው አልኳቸው።

ጠጁ ጥርት ያለ አይደለም፣ ትንሽ ደፍረስ ያለ የገለባ ቀለም አለው። አንገቱ ላይ ጥቃቅን አረፋ ይወጣል። ስጎነጨው መጀመሪያ የመጣው ጣፋጭ ሳይሆን የወይራው ጢስ ነው። ቀጥሎ ማሩ፣ ግን እንደ ማር ሳይሆን እንደ አበባ። ከዋጥኩት በኋላ የጌሾው ምሬት ቀስ ብሎ ምላሴ ሥር ተቀመጠና አፌን አደረቀው፤ አደረቀውና ደግሞ ሌላ ጉንጭ አስፈለገው። ባቱ ላይ የቀመስኩት ቀይ ወይን እንዲህ ነበር አፍ የሚያደርቀው። ያንን ከወይኑ ልጣጭ ነው የሚያገኘው፤ ይሄ ከእንጨት።

ጎረቤት ናቸው፣ አንድ አረጋዊ አባት ገቡና ቋንጣ ፍርፍር አብረን በላን። የወይኑን ነገር ስላነሳሁ «ወይንማ እኛም አገር ነበረ» አሉ። «አባቶቻችን ሲያወሩ ይፋግና እንፍራዝ በኩል ወይን ይበቅል ነበር። አሁን ማን ይተክለዋል?» በድሮ መንገደኞች ጽሑፍ ላይም የይፋግ ወይን ተነስቷል። ጣና ዳር ያ መሬት፣ ያ ፀሐይ አሁንም አለ። ሰው ቢተክለው ምን ያምር ነበር ብዬ ከልቤ ተመኘሁ።

ሁለተኛ ብርሌ ስጨርስ ልነሳ ስል እትዬ ትከሻዬን ያዙኝ። «ቆይ፣ ተቀመጪ። ጠጅ ራስ አይነካም፣ እግር ነው የሚይዝ።» ልክ ነበሩ። ራሴ ንጹሕ ነው፤ ጉልበቴ ግን የኔ አልመስል አለኝ። ቡናው እስከ ሦስተኛው ድረስ ተጠጥቶ ነው የወጣሁት። ገንዘብ ልስጥ ብል ተቆጡ። ለሚካኤል ማኅበር ጧፍ ግዢበት አሉኝና ጧፍ ገዝቼ በልጁ እጅ ላክሁ።

ሰኞ፣ ጥቅምት 22

ዛሬ ወደ ሰሜን፣ በደባርቅ መንገድ። ወለቃ ላይ ወረድኩ፤ ቤተ እስራኤላውያን የኖሩባት፣ ሸክላዋ የታወቀ መንደር ናት። ለቱሪስት ከተሠሩት ትንንሽ ቅርጻ ቅርጾች መሐል አንዲት ሁለት እጄን የምትሞላ ማሰሮ አገኘሁ። ሴትዮዋ ለጠጅ እንደሆነ ስነግራት ሦስቱን አንኳኩታ ድምፁ ደኅና የሆነውን መረጠችልኝ።

ከዚያ በሚኒባስ አምባ ጊዮርጊስ። ወገራ ብርዱ ሌላ ነው፤ ማሩ ያንሳል፣ ገብሱ ይበዛል፣ መጠጡም በዚያው ልክ ኮረፌ ይሆናል። ገብሱ ተፈትጎ ውኃ ውስጥ ያድርና ተቆልቶ ይፈጫል፤ ከጌሾ ቅጠል ጋር በእንስራ ውስጥ ወራት ይቆያል። ሰው ሲመጣ ከድፍድፉ ቀንሰው በውኃ ይበጠብጡታል፣ በማግስቱ ይጠጣል። ወፍራም፣ ኮምጣጣ፣ ጢስ ጢስ የሚል፣ ከመጠጥ ይልቅ ወደ ምግብ የሚጠጋ ነው። አንድ ጣሳ ጠጥቼ ምሳ አላስፈለገኝም። እዚህም ያንኑ ጥያቄ ጠየቅኩ። «ድፍድፉ ከነሐሴ ነው፤ የተበጠበጠው ትናንት» አለችኝ ባለቤቲቱ፣ ሁለቱንም ቀን ለይታ።

ከተማ ስመለስ ለእትዬ ስልክ ደወልኩ። አዲስ አበባ ስጥል ከሳቸው አንድ ሁለት ቀን እንዲያልፍብኝ፣ ብርድ ስለሆነ እንዳልቸኩል ነገሩኝ። የአርማጭሆው ሰውዬ ማር ከቅዳሜ ጀምሮ ሻንጣዬ ውስጥ ነው፣ አራት ኪሎ፣ ከነሰፈፉ።

አዲስ አበባ፣ አርብ ጥቅምት 26

የወለቃዋን ማሰሮ አውሮፕላን ውስጥ ጭኔ ላይ ታቅፌ ነው ያመጣኋት። ግራዋ ከጎረቤት ለመንኩ፣ ወይራውን ከሰል ቤት አገኘሁ፤ ኩሽናዬ እስከ ዛሬ ይሸታል። አንድ እጅ ማር፣ አራት እጅ ውኃ። ክዳኑ ላይ በወረቀት «ጥቅምት 23» ብዬ ለጥፌበታለሁ።

ሰፈፉ ተንሳፏል፣ ጌሾውን እሁድ ጠዋት አገባለሁ። ዛሬ ከሥራ እንደገባሁ ነጠላዬን ሳልጥል ጆሮዬን አስጠጋሁ። በጣም ቀስ ብሎ፣ ግን ይሰማል።